የልጄ ዕቅድ እስከ ሜይ መጠበቅ አይችልም፦ ለአይኢፒ ቡድኑ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ልጄ ለሚማርበት ትምህርት ቤት የአይኢፒ (ለአንድ ልጅ በግሉ የሚዘጋጅ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ቡድን እና ለካውንቲው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል

ጉዳዩ፦ የልጄ የትምህርት ዕቅድ በዓመቱ አጋማሽ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለው። በአፉ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን የሚነግረን ሥዕል ሲነካበት ድምፅ በሚያወጣ ታብሌት ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አሁን የሚማርበት አይኢፒ የተጻፈው ባለፈው ሜይ ነው። የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ በኢሜይል ልኬላችኋለሁ። ይሄኛውን በአማርኛና በአደባባይ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። በራሴ ቋንቋ ስጽፍ ሐሳቤ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ደግሞም እንደኔ ያሉ ብዙ አበሻ ወላጆች እንዲህ ዓይነት ወረቀት ተሰጥቷቸው ምን ማለት እንደሚችሉ ሳያውቁ ፈርመው ይመለሳሉ። የትምህርት ቤቱንም የመምህራኑንም ስም አልጠራም። ልጄን የሚወዱ ሰዎች እዚያ እንዳሉ አውቃለሁ።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ዕቅዱ እየሠራ አይደለም። ዓመታዊው ስብሰባ እስኪደርስ ሳንጠብቅ አሁን ተቀምጠን እንቀይረው።

በስልክ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ሜይ ላይ ዓመታዊ ግምገማ አለ፤ ያኔ እናነሳዋለን» የሚል ነበር። መልሱ በትሕትና ነው የተሰጠኝ። ግን ትክክል አይደለም። አካል ጉዳት ስላለባቸው ልጆች ትምህርት የወጣው፣ አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ አይኢፒ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲታይ ያዛል። ቢያንስ ነው የሚለው። ዕቅዱ መቼ መሻሻል እንዳለበትም እዚያው ጽፎታል፦ ልጁ የተጠበቀውን ያህል ዕድገት ካላሳየ፣ አዲስ ምዘና ከተደረገ፣ ወላጅ ስለ ልጁ አዲስ መረጃ ካመጣ፣ ልጁ ወደፊት የሚያስፈልገው ነገር ከታወቀ። ከአዲስ ምዘና በቀር ሁሉም ዛሬ በልጄ ላይ አሉ። ምዘናውንም ቢሆን እየጠየቅኩ ነው። ትንንሾቹን ለውጦች ደግሞ ሁለታችን ከተስማማን ስብሰባ ሳይጠራ በጽሑፍ ማስገባት ይቻላል፤ ይህንንም ሕጉ ይፈቅዳል።

አሁን ወደ ራሳችሁ ወረቀት ልምጣ። በሁለተኛው ሩብ ዓመት መጨረሻ የላካችሁልኝ የዕድገት ሪፖርት ላይ፣ ከንግግርና ከንባብ ግቦቹ አጠገብ «ግቡን ለመድረስ በቂ ዕድገት እያሳየ አይደለም» የሚለው ተመርጧል። ያ ሲመረጥ ቡድኑ መሰብሰብ እንዳለበት ቅጹ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ስብሰባ ስጠይቅ የተለየ ውለታ እየጠየቅኩ አይደለም። ሪፖርታችሁ ያለውን እያልኩ ነው።

የዘንድሮውን ዕቅድ ካለፈው ዓመቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤዋለሁ። የንግግሩ ግብ ቃል በቃል አንድ ነው። የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው። «እርዳታ ሲፈልግ በመሣሪያው ራሱ ይጠይቃል፤ ከአምስት ዕድል አራቱን» ይላል። አምና እንዲሁ ይል ነበር። አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ያልደረሰበትን ግብ ለሁለተኛ ዓመት ቀድቶ መስጠት ዕቅድ አይባልም። ወይ ግቡ መቀየር አለበት፣ ወይ የምናስተምርበት መንገድ። እኔ መንገዱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቴን ወረድ ብዬ እጽፋለሁ።

ስለዚህ ነገር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተናግሯል። በ2017 (ዓመቶቹን የምጽፈው እ.ኤ.አ. ነው) ኤንድሩ ኤፍ. በሚባለው ጉዳይ ላይ ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ልጁ ኮሎራዶ ውስጥ የሚኖር ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ነበር። ወላጆቹ ያቀረቡት ቅሬታ የልጃችን ግቦች ከዓመት ዓመት ያው ናቸው የሚል ነበር። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ፣ ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ የሆነ ዕድገት እንዲያሳይ ታስቦ የተዘጋጀ መሆን አለበት ተባለ። ከምንም የሚሻል ጥቂት ጥቅም ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ ያኔ ውድቅ ተደረገ። የልጄን ሁለት ዕቅዶች ጎን ለጎን ሳይ ትዝ የሚለኝ ይህ ውሳኔ ነው።

እንግዲህ የምፈልጋቸውን ለውጦች ልናገር።

መጀመሪያ የንግግር ቴራፒው። አሁን በሳምንት አንዴ ለ30 ደቂቃ፣ ከሦስት ልጆች ጋር በቡድን ነው የሚሰጠው። ሌሎቹ ልጆች በአፋቸው ይናገራሉ። የኔ ልጅ በመሣሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። እሱ ሥዕሉን ፈልጎ ሳያገኝ ሌላው ልጅ መልሶ ይጨርሳል። እንደዚያ ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ የሚደርሰው ተራ ስንት ነው? የምጠይቀው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለብቻው፣ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ፣ የቡድኑም ሳይቋረጥ ነው። ቡድኑ ይጠቅመዋል፤ ከልጆች ጋር ተራ መጠበቅን ይማርበታል። ግን መጠበቅን ብቻ እየተማረበት ነው።

ሁለተኛው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ መሣሪያው። ታብሌቱ የልጄ አፍ ነው። ሌላው ልጅ ቤት ሲሄድ አፉን ትምህርት ቤት ትቶ አይሄድም። የኔ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቅዳሜና እሑድ የለም። በዲሴምበሩ የክረምት ዕረፍትም አልነበረም። ጃንዋሪ ላይ ሲመለስ «በቃኝ» እና «ሽንት ቤት» የሚሉትን ሥዕሎች መፈለግ ትቶ እንደ ድሮው ሰው እጅ መጎተት ጀመረ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ረዳት መምህሯ ናት፤ በጽሑፍ። ሕጉ ልጁ ትምህርቱን ለማግኘት ካስፈለገው ትምህርት ቤት የገዛው መሣሪያ ቤትም እንዲሄድ ያደርጋል፤ ይህን የሚወስነው የአይኢፒ ቡድኑ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ይወስን። «ቢሰበርስ?» ተብያለሁ። ሐሳቡ ይገባኛል። ስለ ኃላፊነቱ የምንፈርመው ወረቀት ካለ ላኩልን፣ እንፈርማለን።

መሣሪያውን ለሚጠቀሙ አዋቂዎችም ሥልጠና ይሰጥ፣ ይህም በዕቅዱ ላይ ይጻፍ። ልጅ በመሣሪያ መናገርን የሚማረው ሌላ ሰው በመሣሪያው ሲናገር እያየ ነው። መምህሯ «መጽሐፍ» ስትል ሥዕሉን ብትነካ፣ ረዳቷ «እንሂድ» ስትል ብትነካ ያያል፤ አይቶም ይሞክራል። እስካሁን መሣሪያው የሚወጣው ልጁ እንዲመልስ ሲጠየቅ ብቻ ነው። የግቡ ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማንም ሲናገርበት ያላየውን ቋንቋ ተናገር እያልነው ነው።

ሦስተኛው የአማርኛው ጉዳይ ነው። አያቱ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። እንግሊዝኛ አትችልም። ከትምህርት ቤት ሲመጣ የምትቀበለው፣ የምታበላው እሷ ናት። በአማርኛ «ጫማህን አምጣ» ትለዋለች፣ ያመጣል። «እጅህን ታጠብና ና» ስትለው ሁለቱንም በቅደም ተከተል ያደርጋል። ትምህርት ቤት የተደረገው የቋንቋ ምዘና ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ውጤቱ ባለ ሁለት ደረጃ ትእዛዝ አይረዳም ይላል። ልጄ የሚችለውን አይችልም ተብሎ ተጽፎበታል ማለት ነው፤ ዕቅዱም በዚያ ላይ ነው የተሠራው። ሕጉ ምዘና ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ትክክለኛ መረጃ ሊያስገኝ በሚችል መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የቋንቋ ምዘናው አማርኛ በሚችል ሰው ታግዞ እንደገና እንዲደረግ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ብንናገር እንደሚሻል ተመክረናል። ምክሩ በቅንነት እንደተሰጠ አምናለሁ። ግን ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ቋንቋ ያጓትታል የሚለውን ጥናቶች አልደገፉትም። ምክሩን ብንከተል ደግሞ የሚሆነው ቀላል ነው፤ አያቱ ዝም ትላለች። ቤት ውስጥ አብራው የምትውለው ሰው ዝም ካለች ልጁ ምን ይሰማል? መሣሪያው ላይ የሰው ድምፅ መቅዳት የሚቻል ከሆነ «አያቴ»፣ «ውሃ»፣ «ራበኝ»፣ «አመመኝ»፣ «እቀፊኝ» የሚሉ ቃላት በአማርኛ ይግቡበት። ዝርዝሩን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ድምፁንም እኔ እቀዳለሁ። ከትምህርት ቤቱ የምፈልገው ይህ በዕቅዱ ላይ እንዲጻፍና ቴራፒስቷ ቦታ እንድትሰጠው ብቻ ነው።

አራተኛው የካፍቴሪያው ነገር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጆሮውን ይይዛል፣ ይነሳል፣ ሮጦ ይወጣል። አንዳንዴ ራሱን ይመታል። በዚህ ምክንያት ወደ ሌላ፣ ለብቻው ወደሆነ ክፍል ቢዛወር እንደሚሻል ተነስቷል። ይህን በግልጽ እቃወማለሁ። ሕጉ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሌሎች ልጆች መለየት የሚፈቅደው ተጨማሪ ድጋፍና አገልግሎት ተሰጥቶትም እዚያው መማር ካልተሳካ ነው። ለኔ ልጅ ድጋፉ ገና አልተሞከረም። ለምን እንደሚሮጥ እንኳ በሥርዓት አልተጠናም። ስለዚህ መጀመሪያ የባህርይ ምዘና ይደረግ፤ ከምን በፊት፣ የት፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚከሰት ይመዝገብ። ከዚያ በኋላ የባህርይ ድጋፍ ዕቅድ ይጻፍለት።

ለምዘናው የሚረዳ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንወስደዋለን። እዚያ ከበሮ ይመታል፣ ጽናጽል ይንሿሿል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ያጨበጭባል። ከካፍቴሪያ ያነሰ ድምፅ አይደለም። ልጄ ግን ጆሮውን አይዝም። ወደ ከበሮው ይጠጋል፣ ከምቱ ጋር ይወዛወዛል። ስለዚህ ችግሩ የድምፁ ከፍታ ብቻ አይመስለኝም። ከበሮው ቀጥሎ መቼ እንደሚመታ ያውቃል። ካፍቴሪያ ውስጥ ግን ትሪ መቼ እንደሚወድቅ፣ ማን መቼ እንደሚጮህ አያውቅም። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ይህን የሚያውቅ ሰው እያለ አለመጠየቅ ጥሩ አይደለም። እስከዚያው የጆሮ መከላከያ ይሰጠው፤ ከሌሎቹ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይግባ፤ ከአንድ ሁለት ከሚወዳቸው ልጆች ጋር ዳር ያለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። እነዚህን ያለ ስብሰባ በጽሑፍ ተስማምተን ከሰኞ ጀምሮ ማድረግ እንችላለን።

የበጋው (የጁላይና የኦገስቱ) ትምህርትም አለ። በክረምት ዕረፍት የሆነውን ጽፌያለሁ። ያንን ያህል አጭር ዕረፍት ይህን ካስከተለ፣ የበጋው ረጅም ዕረፍት ምን እንደሚያመጣ መገመት አይከብድም። የዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ የሚሰጠው የማራዘሚያ አገልግሎት በዚሁ ስብሰባ ላይ ይታይ። ለዚህም ከዕረፍቱ በፊትና በኋላ የተመዘገበው መረጃ ይቅረብልኝ።

«የሰው ኃይል የለም» የሚለውን መልስ እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ። የንግግር ቴራፒስቶች እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። ያለችውም ቴራፒስት ብዙ ልጆች ተሸክማ እየደከመች ነው። ግን በ1972 እዚሁ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ወላጆች በከሰሱበት ሚልስ በሚባለው ጉዳይ፣ የከተማዋ ትምህርት ቦርድ ገንዘብ የለንም ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ገንዘብ ካነሰ ጉድለቱ አካል ጉዳት ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ከብዶ ማረፍ የለበትም አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የዛሬው አይዲኢኤ የተገኘበትን ሕግ ፈረሙ። ልጄ ዛሬ በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው እነዚያ ወላጆች ዝም ስላላሉ ነው።

ስለ ስብሰባው አካሄድም የምለው አለኝ። ባለፈው አስተርጓሚው አልመጣም ተብሎ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ እንድታስተረጉም ተደረገ። ስለ ወንድሟ «አይችልም»፣ «ዘግይቷል» የሚለውን ሁሉ በአፏ እንድትነግረኝ ሆነ። ይህ ዳግመኛ እንዳይደረግ። ወላጅ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ አስፈላጊውን ማድረግ አለበት። የሰለጠነ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ ካልተገኘ ስብሰባው በሌላ ቀን ይሁን። በሜሪላንድ ደግሞ በስብሰባው የምትወያዩባቸው ሰነዶች ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ሊደርሱኝ ይገባል። የቴራፒስቷ ማስታወሻ፣ የግቦቹ ዳታ፣ የካፍቴሪያው መዝገብ ቀድሞ ይላክልኝ። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ አልፈልግም።

ከጠየቅኳቸው ውስጥ የማትቀበሉት ካለ፣ እንቢታው በጽሑፍ ይሰጠኝ። ምን እንዳልተቀበላችሁ፣ ለምን እንዳልተቀበላችሁ፣ በየትኛው መረጃ ተመሥርታችሁ እንደሆነ፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳያችሁ ይጻፍልኝ። ሕጉ ይህን ማስታወቂያ ያዛል፤ የማይቻል ካልሆነ በቀር በወላጁ ቋንቋ መሆን እንዳለበትም ይላል።

ይህን ለምታነቡ አበሻ እናቶችና አባቶችም ጥቂት ልበል። እኛ መምህርን አክብረን ነው ያደግነው። የኔታ ያሉት አይመለስም። ያ አክብሮት መልካም ነው፣ አይጥፋ። ግን እዚህ አገር ወላጅ የቡድኑ አባል ነው። ጠረጴዛው ላይ እንደ እንግዳ አይቀመጥም። ስብሰባ ላይ መገኘታችሁን ለማሳየት የምትፈርሙት ፊርማ በሁሉም ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። ወረቀቱን ቤት ወስጄ ላንብብ ማለት ትችላላችሁ። ጥያቄያችሁን በቃል ብቻ አትተዉት፤ በኢሜይል ላኩት፣ ቀን ይኑረው። በአማርኛ ብትጽፉትም ጥያቄ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ልጃችሁ ዲፕሎማ ወደማያሰጥ ፕሮግራም ወይም ወደ አማራጭ ፈተና ይግባ ከተባለ፣ የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ይጠየቃል። ያንን ሳትረዱ አትፈርሙ።

«ጊዜ ሲደርስ ይናገራል፣ አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» የሚሏችሁ ዘመዶችም ይኖራሉ። ከፍቅር ነው የሚሉት። ግን ልጁን ቤት ደብቆ መጠበቅ ምን እንደሚያስከፍል አገር ቤትም ታይቷል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን ይዘው በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ እናት ልጇን ከጎረቤት ዓይን ትሸሽግ ነበር። እሳቸው በ2021 አርፈዋል። እስከ መጨረሻው ግን ስለ ልጃቸው በአደባባይ ከመናገር አላፈሩም። እኔም አላፍርም።

ክቡራን የቡድኑ አባላት፣ ስብሰባው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ነጻ ነኝ፤ ባለቤቴ በቪዲዮ ይገባል። ከቻላችሁ ረዳት መምህሯም ትገኝ፤ ቀኑን ሙሉ አብራው የምትውለው እሷ ናት፣ የሆነውንም በጽሑፍ የያዘችው እሷ ናት። የጆሮ መከላከያውንና የምሳ ሰዓቱን ለውጥ የሚመለከተውን ወረቀት በዚህ ሳምንት ብትልኩልኝ በዚያው ቀን ፈርሜ እመልሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት
ሜሪላንድ

ግልባጭ፦
አማርኛ ለሚያነቡ የልዩ ፍላጎት ተማሪ ወላጆች